አንድ ምስክር ብቻ በፈረመበት ወረቀት ያበደርኩትን 150,000 ብር በፍርድ ቤት ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የቅመማ ቅመም ሱቅ ባለቤት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሾላ ገበያ አካባቢ አነስተኛ የቅመማ ቅመም ሱቅ አለኝ። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በጅምላ ከሚያመጣልኝ ነጋዴ ጋር ከስድስት ዓመት በላይ ስንሠራ አንድም ቀን ተቃቅረን አናውቅም ነበር። በጥቅምት 2015 የጭነት መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ገንዘብ እንዳጠረው ሲነግረኝ፣ ዕቁብ ደርሶኝ ስለነበረ 150,000 ብር አበደርኩት። 60,000 ብሩን በስልኬ በባንክ ላክሁለት፤ 90,000 ብሩን ደግሞ ሱቄ ውስጥ ቆጥሬ በእጁ ሰጠሁት። እሱም ከልጄ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ብር እንደተበደረና በስድስት ወር ውስጥ እንደሚመልስ በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ነጋዴ በምስክርነት ፈርመዋል። ልጄ ሁሉንም ቆማ አይታለች፤ እንድትፈርም ግን ማናችንም አላሰብንም።

በጥር 2016 40,000 ብር በእጄ መለሰልኝ፤ ደረሰኝም ሆነ ወረቀት አልተለዋወጥንም። በመጋቢት ደግሞ በቴሌግራም «እትዬ ትንሽ ይታገሱኝ፤ የቀረውን ከፋሲካ በኋላ አስረክባለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ሰው ብልክበት «ከእርሷ የተበደርኩት ገንዘብ የለም፤ በባንክ የላከችው የዕቃ ዋጋ ነው» አለ። እኔን ያስደነገጠኝ፣ ባንኩ የክፍያ ምክንያት ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ዕቃ ስገዛው እንደማደርገው «ለዕቃ» ብዬ መላኬ ነው።

አንድ ምስክር ያለው ወረቀት ይጸናል? ልጄ ልትመሰክርልኝ ትችላለች? በቃል በየወሩ 2,000 ብር ሊጨምርልኝ ተስማምተን ነበር፤ ይህን መጠየቅ እችላለሁ? ብዙ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በማታለል እንድከስሰው ይመክረኛል። ባለቤቴ ገንዘቡን ሳበድር አለማወቁስ ችግር ያመጣብኛል?

መልስ፦ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለ የሕግ ባለሙያ

እመቤቴ፣ ጉዳይዎ ከባድ ቢመስልም እጅዎ ላይ ያለው ማስረጃ ብዙ አበዳሪዎች ይዘው ከሚመጡት የተሻለ ነው። መነሻው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ገንዘቡ ሲቆጠር በዓይኗ ያየች ብትሆንም፣ ብድሩን በእርሷ ቃል ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ይህ ለብዙ ሰው ኢፍትሐዊ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ነገር ግን 500 ብር የዛሬ ስድሳ ዓመት ብዙ ገንዘብ እንደነበረና ሕጉ ዛሬም ይኸው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። አንቀጽ 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ የፈረሙበት እንዲሆንና በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ይህ ካልሆነ እንደማይጸናም ይገልጻል። የተከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህን መሆኑን ከወዲሁ ይጠብቁ። በበኩሌ ክርክሩ በዚህ ያበቃል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም አንቀጽ 2472 ጽሑፍን የሚጠይቀው ብድሩን ለማስረዳት እንጂ ብድሩ እንዲቋቋም አይደለም፤ ተበዳሪው በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመው ወረቀትም በእርሱ ላይ የጽሑፍ ማስረጃ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የሚወክልዎት ጠበቃ ክሱን ከመጻፉ በፊት በሁለት ምስክር ጉዳይ የታተሙትን ውሳኔዎች እንዲመረምር አጥብቀው ይጠይቁት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ተከሳሹ በመከላከያ መልሱ የሚመርጠው መንገድ ነው። «አዎ ተበድሬ ነበር፤ ግን ከፍያለሁ» ካለ ብድሩን አምኗል ማለት ነው፤ የምስክሩ ቁጥር ጥያቄም በአመዛኙ ኃይሉን ያጣል። ያው አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መመለሱም በተመሳሳይ መንገድ እንዲረጋገጥ ስለሚያዝ፣ መክፈሉን በጽሑፍ የማስረዳት ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። «ምንም አልተበደርኩም» ካለ ደግሞ የእጅ ጽሑፉንና ፊርማውን መካድ ይኖርበታል፤ ያኔ ጽሑፉ በባለሙያ እንዲመረመር ይጠይቃሉ።

«ለዕቃ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ሊነሣዎት አይገባም፤ ሆኖም ክስዎን በባንክ ደረሰኙ አይጀምሩ። የባንክ ሰነድ ገንዘብ ከእርስዎ ወደ እርሱ መሄዱን ያሳያል እንጂ ብድር መሆኑን ለብቻው አይናገርም፤ የእርስዎ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ይናገራል። ዋናው ሰነድ ወረቀቱ ነው፤ የባንኩ ሰነድ ከ150,000 ብሩ ውስጥ 60,000 ብሩ በዚያ መንገድ እንደተከፈለ ለማሳየት ይቀርባል። ቃሉ ለምን እንደተጻፈ ሳይደብቁ በክስ ማመልከቻው ላይ ይግለጹ። እርሱ ዕቃ ሸጫለሁ ካለ፣ ነጋዴ በመሆኑ በዚያ ቀን የሸጠውን ዕቃ የሚያሳይ የሽያጭ ደረሰኝ ይኑረው፤ ፍርድ ቤቱ ያንን እንዲያስቀርብልዎት ያመልክቱ።

የቴሌግራም መልእክቱ ዋጋ አለው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በቅርጹ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። መልእክቱ የገንዘቡን መጠን ባይጠቅስም «የቀረውን» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ የቀረ ነገር የሚኖረው የተሰጠ ነገር ሲኖር ነውና። የስልክዎን ማሳያ ፎቶ አንሥተው ብቻ አይተዉት፤ ስልኩን አይቀይሩ፣ ንግግሩን አያጥፉ።

ወለዱን በሚመለከት፣ በወር 2,000 ብር በዓመት 24,000 ይሆናል፤ ከ150,000 ብር ላይ ሲሰላ 16 በመቶ ነው። ሕጉ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ወለድን አይፈቅድም፤ ከ9 በመቶ የሚበልጠውም ቢሆን በጽሑፍ መደረግ አለበት። ስለሆነም የቃል ስምምነቱን ትተው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚታሰበውን 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይጠይቁ።

ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄዱ የሚመክሩዎትን አልደግፍም። የተበደረውን አለመመለስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ማታለል የሚሆነው ገንዘቡን የወሰደው ገና ከመነሻው በሐሰት አሳምኖዎት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ ከጊዜ በኋላ 40,000 ብር የመለሰ ሰው ደግሞ ከመነሻው ሊያታልል አስቦ ነበር ማለት ያስቸግራል።

መልስ፦ የጫማ ነጋዴ፣ መርካቶ

ሕግ አልተማርኩም፤ ነገር ግን በሌላው ወገን ቆሜ ያየሁትን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጄ 80,000 ብር ተበድሬ በሦስት ጊዜ ከፍዬ ጨረስኩ። ውሉን ቀድጄ ለመጣል እንዲሰጠኝ ስጠይቀው «ቤት ነው፤ አመጣልሃለሁ» አለኝ፤ እኔም ማስቸገር መስሎ ስለታየኝ ዳግም አልጠየቅሁትም። በኋላ በሌላ ነገር ተጣላንና በዚያው ወረቀት ከሰሰኝ። ሦስት ሰዎች ሲከፈለው አይተዋል፤ አንዱ ራሱ ገንዘቡን ተሸክሞ ያደረሰ የሱቄ ሠራተኛ ነበር። ዳኛዋ በትህትና ሰምተውኝ ሲያበቁ የክፍያ ደረሰኝ እንዳለኝ ጠየቁኝ። አልነበረኝም፤ ሁለተኛ ከፈልኩ።

ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። 40,000 ብሩን መቀበልዎን በክስዎ ላይ ይጻፉት። እርሱ ደረሰኝ የለውም፤ እርስዎ ዝም ቢሉ ሕጉ ይረዳዎት ይሆናል። ግን እርሱ የካደው የእርስዎን ነው ብለው እርስዎም የእርሱን አይካዱ። እኔ ያንን ቀን ከችሎት ስወጣ ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ፣ ወዳጄ ዓይኔን ሳያይ አጠገቤ ማለፉ ነበር።

መልስ፦ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለ የሕግ ባለሙያ

ወንድማችን የተናገሩት በሕግም ትክክለኛው መንገድ ነው። የክስ ማመልከቻ እውነት መሆኑ ተረጋግጦ የሚፈረምበት ሰነድ ነው። 110,000 ብር ብቻ ሲጠይቁ፣ «የቀረውን» የሚለው መልእክትም ከክስዎ ጋር ይገጥማል፤ 150,000 ቢጠይቁ ግን የገዛ ማስረጃዎ ይቃረንብዎታል። በከፊል መክፈልና ዕዳን ማመን ይርጋን፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ ሕጉ የሰጠውን የጊዜ ገደብ፣ የሚያቋርጡ መሆናቸውንም አይርሱ፤ ምንም እንኳ የውል ይርጋ 10 ዓመት ስለሆነ በእርስዎ ጉዳይ ገና ሰፊ ጊዜ ቢኖርም።

ስለ ባለቤትዎ የጠየቁትን ዘልዬው ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ከ100 ብር በላይ ማበደርም ሆነ መበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት እንዲያገኝ ይጠይቃል። ይህን መሠረት አድርጎ ግዴታው እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ግን ያልተስማማው የትዳር ጓደኛ ነው፤ ተበዳሪው ይህን ይዞ ከዕዳው ሊያመልጥ አይገባም። ቢሆንም ዛሬ ማታ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። ክሱ ከቀረበ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት።

መልስ፦ የቀድሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ

ባጭሩ ሦስት ነገር ልጨምር። የወረቀቱን ዋና ቅጂ ለማንም እንዳይሰጡ፣ «ልየው» ብሎ ለሚጠይቅዎ ተከሳሽም ቢሆን፤ የዕዳ ሰነድ በባለዕዳው እጅ መገኘቱ እንደተከፈለ ያስገምታል። የዳኝነት ክፍያ የሚታሰበው በሚጠይቁት ገንዘብ ልክ ነው፤ አቅም ከሌለዎት በድህነት ለመክሰስ እንዲፈቀድልዎ ማመልከት ይችላሉ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ካጡ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። ክሱ በተወሰነ ገንዘብ ላይ የቀረበና በጽሑፍ የተደገፈ ስለሆነ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ የሚችል ከሆነ ጠበቃዎን ያማክሩ፤ በዚያ ሥርዓት ተከሳሹ ለመከላከል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት ጊዜ ይቆጥባል።

ምላሽ፦ የቅመማ ቅመም ሱቅ ባለቤት፣ አዲስ አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። 40,000 ብሩን ተቀብያለሁ ብዬ እጽፋለሁ፤ አስቀድሞም ልደብቀው አልፈለግሁም፤ ሰው ግን «አትንገሪ» ሲለኝ ልቤ ተከፍሎ ነበር። ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ። በወረቀቱ ላይ የፈረሙት አዛውንት ደግሞ ትናንት ሰውየውን አነጋግረውት፣ እሑድ በሽማግሌ ፊት ለመቀመጥ ተስማምቷል። 110,000 ብሩን በአራት ጊዜ ልክፈል ብሏል። ልቀበል ወይስ ወደ ፍርድ ቤት ልሂድ?

መልስ፦ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለ የሕግ ባለሙያ

ይቀመጡ። በእርስዎ ጉዳይ ሽምግልና ከወለዱ የሚበልጥ ነገር ሊያስገኝልዎ ይችላል፤ አሮጌው ወረቀት የጎደለውን የሚሞላ አዲስ ሰነድ ነው። ሽማግሌዎቹ አስታርቀው ብቻ እንዳይበተኑ። ሰውየው በጥቅምት 2015 150,000 ብር መበደሩን፣ ከዚህ ውስጥ በባንክ የተላከው 60,000 ብር የብድሩ አካል እንጂ የዕቃ ዋጋ አለመሆኑን፣ 40,000 ብር መክፈሉንና 110,000 ብር እንደሚቀርበት የሚገልጽ ስምምነት ይጻፍ። እያንዳንዱ ክፍያ የሚደርስበት ቀን በቁጥር ይቀመጥ፤ አንዱን ቀን ካሳለፈ የቀረው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚጠየቅ ይጨመር። ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ቢያንስ ሁለቱ በምስክርነት ስማቸውንና አድራሻቸውን ጽፈው ይፈርሙ። እርሱ ፈቃደኛ ከሆነ ሰኞ ጠዋት አብራችሁ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብታስመዘግቡት ደግሞ ስለ ፊርማው የሚነሣ ክርክር አይኖርም።

ክፍያዎቹን በባንክ ይቀበሉ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የብድር ተመላሽ» ተብሎ ይጻፍ። በእጅ ከተቀበሉ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ፈርመው ይስጡት። ጫማ ነጋዴው ወንድማችን የደረሰባቸው በዚህ ሰው ላይ እንዳይደርስ እርስዎም ኃላፊነት አለብዎት። የደብተሩን ወረቀት ግን የመጨረሻው ብር እስኪገባ ድረስ ከእጅዎ አያውጡ፤ ያን ቀን እርሱ ባለበት «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ብለው ጽፈውበትና ፈርመውበት ይመልሱለት።

እሑድ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ አልፈርምም ካለ፣ ሰኞ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጡትና መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙ። በዚህ መሀል ሱቁን መሸጥ ወይም ዕቃውን ማሸሽ መጀመሩን ካዩ ማስጠንቀቂያው እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር (እንዳይሸጥና እንዳይሸሽ በፍርድ ቤት እንዲያዝ) በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 151 መሠረት ከክሱ ጋር ማመልከት ይቻላል።