ገርባ ጉራቻ ወይስ ሳነቴ፦ የባሌ የእግር ጉዞ ዕቅዴ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ኅዳር ከጓደኛዬ ጋር ከዲንሾ ተነስተን፣ በወብ ሸለቆ አልፈን፣ 3950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው የገርባ ጉራቻ ሐይቅ ከደረስን በኋላ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጠን 4377 ሜትር ከፍታ ባለው ቱሉ ዲምቱ ላይ ጉዟችንን ለመጨረስ አስበናል። ያለን አምስት ቀን ብቻ ነው፤ የተቸገርኩትም ቀኖቹን በመከፋፈሉ ነው።

ሐይቁን ፎቶ ማንሳት የምፈልገው ነፋስ ሳይነሳ፣ ጥቁሩ ውኃ ረግቶ ገደሉን እንደ መስታወት በሚያሳይበት ማለዳ ስለሆነ እዚያው አቅራቢያ ማደር ግድ ይለናል። ሁለት ሌሊት ካደርን ግን ለሳነቴ የሚተርፈን ጊዜ ያጥራል፤ ቀይ ቀበሮ በፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ስታደባ ለማንሳት ደግሞ ረጅም ትዕግሥት ያስፈልጋል። እናንተ ብትሆኑ ሁለተኛውን ሌሊት ለየትኛው ትሰጡ ነበር? በአምባው ላይ ያሉት ትንንሽ ሐይቆችስ በኅዳር ውኃ ይዘው ይቆያሉ?

ብርዱም ያሳስበኛል። አምና ሳነቴ ላይ አድሬ ስነቃ ድንኳኑ አመዳይ ለብሶ፣ የካሜራዬም ባትሪ ጨርሶ ደክሞ አገኘሁት። ዘንድሮ ባትሪዎቹን መኝታ ከረጢቴ ውስጥ ይዤ ለመተኛት አስቤያለሁ፤ ይህን የሞከረ ሰው ውጤቱን ቢነግረኝ ከልብ አመሰግናለሁ።