ቢሾፍቱ ግቢ ውስጥ የውጭ ሻወር ልሠራ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

ሰብሊ_ቢሾፍቱ፦
ሰላም ሰዎች። እማዬ ግቢ ጀርባ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ከሥሩ ጣሪያ የሌለው ሻወር ልሠራ ነው፣ ሰማይና ቅጠል እያየሁ የምታጠብበት፣ ወለሉ ድንጋይ፣ ዙሪያው የቀርከሃ አጥር። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ከታጠብኩ ወዲህ የቤቱ ሻወር ሳጥን ሆኖብኛል። እማዬ ግን «ጎረቤት ፎቅ እየሠራ፣ አብደሻል?» ትላለች። የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ቧንቧ_በእጄ፦
እህቴ፣ አጥሩ ይቆይና ውሃው የት ይሄዳል? አፈርሽ ጥቁር መረሬ ከሆነ ውሃ ቶሎ አይመጥም፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሠርቼ በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ተነቃንቆ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ የቢንቢ መራቢያ ሆነ። አፍርሼ መረሬውን አስወጣሁና ሬዳሽ (ውሃ የሚያሳልፍ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሞላሁበት። ወለሉንም በየሜትሩ 2 ሳንቲም ዝቅ እያደረግኩ ውሃውን ወደ ሙዞቹ መራሁት፣ ሙዝ ውሃ አይጠግብም። በረኪና ብቻ እንዳትደፊበት። አቮካዶው ሥር ግን በፍጹም! ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፣ ዛፉን ታጪዋለሽ። ራቅ አድርጊና እያየሽው ታጠቢ።

ጋሽ_ሮቶ፦
ልክ ነው። እኔ ስለ ግፊቱ ልጨምር። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው የሚሰጥሽ፣ ስለዚህ ሮቶው 2 ሜትር ቆጥ ላይ ከሆነ 0.2 ባር ገደማ ነው። በዚህ ግፊት በየፎቶው ላይ የምታይው ዓይነት ትልቅ የሻወር ራስ ይንጠባጠባል እንጂ አይዘንብም። ወፍራም ቧንቧ ሳቢ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ራስ ግዢ። ለሙቅ ውሃ ጥቁር የተቀባ በርሜል ፀሐይ ላይ ስቀዪ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደስ ይላል። ጠዋት ግን በኅዳር ብርድ እኔን እንዳትረግሚ 😄

ማሚቱ_አትክልት፦
እናትሽ እውነቷን ነው፣ ከፎቅ ለሚያይ አጥር ምን ያደርጋል? በጎረቤት በኩል ያለውን ግማሽ በእንጨት ርብራብ ሸፍኚና የፓሽን ፍሩት ሐረግ ልቀቂበት፣ ሌላው ግማሽ ሰማይ ይሁን። ቀርከሃው መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ አቁሚው፣ ምስጥ አይምርም። ዳር ዳሩን ጠጅ ሳር ትከዪ፣ ስትረግጪው ሽታው ብቻ ይበቃል።

ሰብሊ_ቢሾፍቱ፦
ኧረ አመሰግናለሁ! ዛሬ ግማሽ ሜትር ቆፍሬ አየሁ፣ ጥቁር ነው 😩 አቮካዶውን ላጣው ነበር እኮ። ለእማዬ ስለ ሙዙ ነገርኳት፣ «እንደሱማ ከሆነ እኔም እታጠብበታለሁ» ብላለች።