ቤዝመንት ውስጥ ቢራ ሲፈላ እንፋሎቱ በምን ይውጣ?

ብቅል_ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠምቀው ሜሪላንድ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ድስቱ 38 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ሲሆን የአፉ ስፋት 36 ሴንቲ ሜትር ነው። ኤለመንቱ 240 ቮልት፣ 5500 ዋት። 23 ሊትር ቢራ እንዲወጣኝ 28 ሊትር ዎርት (ገና ያልቦካ የብቅል ጭማቂ) አስገብቼ 60 ደቂቃ አፈላለሁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 4 ሊትር ያህል ይተናል።

በብርዱ ወራት ከኮርኒሱ ጠብታ ይወርዳል፣ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧዎቹ ያልባቸዋል፣ በውጭው ግድግዳ ጥግ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ጀምሯል። ትንሿ መስኮት ላይ ፋን ተገጥሞ ለውጥ አላመጣም።

ሁድ (ከድስቱ በላይ የሚሰቀል እንፋሎት ሰብሳቢ) እና ፋን ይሻላል ወይስ እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ውሃ መልሶ ውሃ የሚያደርገው ክዳን? ፋን ከሆነ ስንት ሲ.ኤፍ.ኤም. (በደቂቃ የሚወጣ ኪዩቢክ ጫማ አየር) ይበቃል? ከድስቱ እስከ ውጭው ግድግዳ 3 ሜትር ነው፤ ቤቱ የራሴ ስለሆነ ግድግዳ መብሳት ይቻላል። ለበዓል እዚያው ጥግ ላይ በኤሌክትሪክ ምጣድ የጠላ እንኩሮ ይታመሳል። ጭሱም አብሮ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ቱቦና_ቆርቆሮ

ግድግዳ መብሳት ከቻልክና እንኩሮም ካለ፣ መልሱ ሁድ ነው። ክዳኑ ለጭስ አይሆንም።

የመስኮቱ ፋን ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኮርኒስ ሥር ይዘረጋል፣ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። መያዝ ያለበት ድስቱ አፍ ላይ እንዳለ ነው።

ስለ ፋኑ መጠን፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ብታውቀው ይጠቅምሃል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር መሸከም የሚችለው 17 ግራም ያህል ውሃ ነው። የቤቱ እርጥበት 50 በመቶ ከሆነ ግማሹ አስቀድሞ ተይዟል፤ የቀረው ቦታ 8.5 ግራም ብቻ ነው። አንተ በሰዓት 4000 ግራም ታተናለህ። 4000 ለ8.5 ሲካፈል 470 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም 277 ሲ.ኤፍ.ኤም. ይመጣል። ጠማቂዎች በልማድ የኤለመንቱን ዋት ለ17.6 ያካፍላሉ፤ ያንተ 5500 ሲካፈል 312 ነው። ሁለቱ ስሌቶች እንዲህ መቀራረባቸው አያስገርምም። ከ300 በታች አትውረድ።

ነገር ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ፋኑ ያለ ቱቦ ሲሽከረከር የሚሰጠው ነው። የቱቦው ክርን (መታጠፊያ)፣ የውጭ አየር እንዳይመለስ የሚዘጋው መዝጊያና የውጭው መከለያ ብዙ ይበሉበታል። 400 የተጻፈበት ባለ 6 ኢንች ፋን በ3 ሜትር ቱቦና በአንድ ክርን 300ን ለጥቂት ነው የሚነካት። ባለ 8 ኢንች ገዝተህ ፍጥነቱን ቀንሰህ ብታሠራው ይሻላል፤ ድምፁም ይቀንሳል። ፍጥነት መቀነሻው ከፋኑ ጋር የመጣው ይሁን፤ የአምፖል ዲመር ሞተሩን ያሞቀዋል።

ሁድ፦ ከድስቱ አፍ በየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ፣ ላንተ 66 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከድስቱ አፍ በላይ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሰቀል። ከዚያ ከፍ ካለ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር እንፋሎቱ ወደ ጎን ያመልጣል። ከውስጥ በጠርዙ ዙሪያ 2 ሴንቲ ሜትር የሚያህል አሸንዳ ይኑረው። ሁዱ ላይ ጤዛ መያዙ አይቀርም፤ አሸንዳ ከሌለ ያ ውሃ ተመልሶ ዎርቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ከብቅል የሚወጣው ዲ.ኤም.ኤስ. የሚባለው፣ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸተው ነገር እንዲወጣ ነው የምናፈላው፤ መልሰን ልናስገባው አይገባም።

ቱቦ፦ ለስላሳ ዚንክ ቆርቆሮ። ለልብስ ማድረቂያ የሚሸጠው የሚጨማደድ ቱቦ አየሩን ያንቀዋል፣ በየእጥፋቱም ውሃ ይቋጥራል። በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። የእያንዳንዱ ቱቦ ጠበብ ያለው፣ ሌላው ውስጥ የሚገባው ጫፍ ወደ ውጭ ይዙር፤ ያኔ ውሃው በመገጣጠሚያው ሳያንጠባጥብ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። መገጣጠሚያውን በአልሙኒየም ፎይል ቴፕ እሸገው፤ ግራጫው የጨርቅ ቴፕ በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቃል። ፋኑ ከግድግዳው አጠገብ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ቤት ውስጥ ያለው ቱቦ በሙሉ የሚስብ ስለሚሆን፣ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ እንፋሎት ወደ ቤት አይተፋም። በብርድ ወራት ቱቦውን በፋይበርግላስ ጠቅልለው፤ ከላይ ያሰላነው 20 ዲግሪ ላለ አየር ነው፣ ቱቦው ከቀዘቀዘ ውስጡ ይዘንባል።

መፍላት ሲጀምር ኤለመንቱን ወደ 55 ወይም 60 በመቶ አውርደው። 5500 ዋት ሙሉውን ከለቀቅከው በሰዓት እስከ 8 ሊትር ሊያተን ይችላል፤ የትኛውም ባለ 6 ኢንች ፋን አይችለውም።

ቀዝቃዛ_ውሃ

ስለ ሁዱ ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ። ተከራይ ሆኖ ግድግዳ መብሳት የማይችል አንባቢ ስለሚኖር ግን ስለ ክዳኑ ልጨምር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳኑ ወይም የድስቱ ጎን ላይ የተገጠመ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ኖዝል ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲቀየር መጠኑ ከ1,000 እጥፍ በላይ ስለሚቀንስ የሚቀጥለውን እንፋሎት ይስባል፤ ፋን አያስፈልገውም። ኖዝሉ በሰዓት 23 ሊትር ገደማ ይጠቀማል። በሰዓት 2 ሊትር ከተነነ፣ በ15 ዲግሪ የገባው ውሃ 62 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መውረጃው የሲሊኮን ጎማ ይሁን፤ ተራ የፕላስቲክ ጎማ ይለሰልስና ይታጠፋል።

አደጋው እዚህ ጋ ነው። ጎማው ከድስቱ እስከ መውረጃው ሳያቋርጥ መዘቅዘቅ አለበት። መሐል ላይ ሆድ ካወጣ ውሃ ይተኛበታል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ክዳኑ ይነሳና ፊት ላይ ይተፋል። ጫፉን በባልዲ ውሃ ውስጥ አትንከሩት። በ60 ደቂቃ 25 ሊትር ስለሚወጣ 19 ሊትር የሚይዘው ባልዲ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ወደ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ይውረድ።

ቅደም ተከተሉ፦ አረፋው ተነስቶ እስኪወርድ ክዳኑ ክፍት ይቆይ፣ ካልሆነ ሲገነፍል አይታይም። ከዚያ መጀመሪያ የኖዝሉን ውሃ ክፈቱ፣ ቀጥሎ ክዳኑን ግጠሙ፣ ኤለመንቱን ወደ 40 በመቶ አካባቢ አውርዱ። ሆፕስ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) ሲጨመር ኃይሉን ለግማሽ ደቂቃ አጥፍቶ መክፈት ነው። የሚተነው በግማሽ ስለሚቀንስ በ28 ፋንታ በ26 ሊትር ጀምሩ፤ አለበለዚያ ቢራው ይቀጥናል። ዲ.ኤም.ኤሱ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ መውረጃው ስለሚሄድ በዚህ በኩል ሥጋት የለም። ሥጋቱ ተራ ክዳን ገጥሞ ማፍላት ነው።

ብቅል_ከሜሪላንድ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ 8 ኢንች ፋንና ሁድ እወስዳለሁ። አንድ ያልጠቀስኩት ነገር አለ፤ በጋዝ የሚሠራው የቤቱ ውሃ ማሞቂያ እዚያው ቤዝመንት ውስጥ፣ ከድስቱ 4 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ችግር ይኖረዋል?

አየር_መግቢያ

አዎ፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ይህ ነው። ፋን ከመግዛትህ በፊት እዚህ ላይ አስብ።

ፋኑ በደቂቃ 300 ኪዩቢክ ጫማ አየር ሲያወጣ ያው መጠን ከሌላ ቦታ መግባት አለበት። መስኮትና በር ከተዘጋ ቤዝመንቱ በተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይስባል፤ ለመሳብ ቀላሉ ቀዳዳ ደግሞ የውሃ ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ነው። ከላዩ ክፍት የሆነ፣ ጭሱ በራሱ ሙቀት የሚወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ወደ ውጭ መሄድ የነበረበት ጋዝ ተመልሶ ቤት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል።

ስለዚህ ፋኑ ሲሠራ መስኮት ይከፈት፤ መክፈቻው ቢያንስ ከቱቦው ስፋት እጥፍ ይሁን። ባለ 8 ኢንች ቱቦ 50 ካሬ ኢንች ነው፤ 24 ኢንች የሚሰፋ መስኮት ከ4 ኢንች በላይ ከተከፈተ ይበቃል። መስኮቱ ከሁዱ በተቃራኒ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ጎኑ ላይ ከሆነ ነፋሱ እንፋሎቱን ከሁዱ ሥር ይገፋዋል።

ከዚያ ፈትሸው። እንደምትጠምቅበት ቀን መስኮቱን ክፈት፣ ፋኑን እስከ መጨረሻው ልቀቅ፣ የልብስ ማድረቂያም ካለ አስነሳው። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተህ ማሞቂያው እንዲቀጣጠል አድርግ። 5 ደቂቃ ጠብቀህ የሚጨስ የዕጣን እንጨት ከማሞቂያው አናት ላይ፣ የጭስ ማውጫው ከሚጀምርበት ክፍተት አጠገብ ያዝ። ጭሱ ወደ ክፍተቱ ከገባ ደህና ነው። ወደ አንተ ከተመለሰ ወይም ባለበት ከተንሳፈፈ ፋኑን አጥፋ፤ መስኮቱን ጨምረህ እስኪስተካከል በዚያ ፋን አትጥመቅ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ቤዝመንቱም ውስጥ፣ መኝታ ክፍሎቹም አጠገብ ይኑር። ፋኑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በፕሮፔን ምድጃ ቤት ውስጥ ማፍላት አይሞከርም።

የማሞቂያው አየርም ጭስም በሁለት የተዘጉ ቱቦዎች በቀጥታ ከውጭ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ይህ ሥጋት በእጅጉ ይቀንሳል። ማሞቂያው ሲያረጅ ወደዚያ ዓይነት ቀይረው።

እንኩሮውን በተመለከተ፣ ከታመሰ በኋላ ሁዱን ከውስጥ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው። ጭሱ የሚተወው ቡናማ ቅባት በሚቀጥለው ጥምቅ እንፋሎት ሲነካው ይሟሟል፤ አሸንዳው ከሞላም ድስቱ ውስጥ ይገባል። የዱቄቱ ብናኝ እርጥብ የፋን ምላስ ላይ ስለሚጋገር እሱንም አትርሳው።

ጌሾና_ማር

ጠጅ ብቻ ለምትጥሉ፦ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ዲ.ኤም.ኤስ. የሚመጣው ከብቅል ነው፣ ማር ውስጥ የለም። ጌሾውን በውሃ ስታፈሉ ተራ ክዳን ገጥማችሁ በትንሽ እሳት ብትተዉት ጠጁ አይበላሽም፤ የሚተነውም ጥቂት ስለሆነ የምድጃው ጭስ መሳቢያ ይበቃዋል። መሳቢያው ግን አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑን አረጋግጡ። በአፓርታማ ያሉት ብዙዎቹ በማጣሪያ አሳልፈው መልሰው ወደ ክፍሉ ነው የሚተፉት፤ ማጣሪያ ደግሞ እርጥበት አይዝም።