«ሰው ያልነካው ምድር» እና ቲማቲሙ

ጠርጣራው፦ አንድ ጽሑፍ ስለ ሰርትሴይ ደሴት ሲያወራ «ሰው ያልነካው ምድር» አለና አናደደኝ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአይስላንድ በስተደቡብ እሳተ ገሞራ ከባሕር አወጣው። ወር ሳይሞላው የፈረንሳይ ጋዜጠኞች ረገጡት። ታዲያ ያልነካው የቱ ሰው ነው? ቱሪስቱ ብቻ?

ሶስና፦ ያልሰፈረበት፣ ያላረሰው ማለት ነዋ! ከ1965 ጀምሮ የተጠበቀ ነው፣ ለምርምር ካልሆነ አይገባም። ዩኔስኮም በ2008 የመዘገበው ለዚሁ ነው።

ሊቀ ነገር፦ «ያላረሰው» አልሽ? ቲማቲሙስ? አንዱ ላቫው (እሳተ ገሞራው አፍስሶት የጠጠረው ድንጋይ) መሃል ተጸዳዳ፣ ቲማቲም በቀለ!

ሶስና፦ ተነቀለ እኮ።

ሊቀ ነገር፦ ተነቀለና አልተነካም? ወይ ጉድ!

ዝምተኛው፦ መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ። ሱርትሴይ ነው፣ ሱርትር ከሚባለው የኖርስ (የጥንት ሰሜን አውሮፓውያን) ተረት የእሳት ግዙፍ የመጣ።

ጠርጣራው፦ እሺ መምህር። ሱርትሴይ ስንለው ቲማቲሙ ይጠፋል?

ሶስና፦ ልዩነቱን ልንገራችሁ። በ1965 የመጀመሪያዋ ቡቃያ ባሕሩ ዳር ታየች፣ ዘሯን ማዕበል ነው ያመጣው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ጥቁር አሸዋና ላቫ ላይ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ቡቃያ ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የባሕር ወፎች በብዛት ጎጆ ሠሩ፣ ኩሳቸው መሬቱን አዳበረው፣ የሰፈሩበት ቦታ ሣር በሣር ሆነ። ይህን ማየት የሚቻለው ሰው ዘር ካልበተነበት ነው።

ሊቀ ነገር፦ የወፍ ሲሆን ተፈጥሮ፣ የሰው ሲሆን ብክለት! ወፏም እኮ ዘሩን በሆዷ ነው ያመጣችው።

ዝምተኛው፦ ወፏ ፈቃድ አልጠየቀችም።

ጠርጣራው፦ ሳቄን መለስከው 😂 ግን ቁም ነገሩ፣ በ1967 እሳቱ ሲቆም 2.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዛሬ ግማሹ ያህል ነው የቀረው። ባሕር እየበላው በር መዝጋት ለማን ነው? ይከፈትና ሕዝብ ይየው!

ሶስና፦ የሚሄደው ዳር ዳሩ ላቫና ልቅ አመዱ ነው። መሃሉ ያለው አመድ ጠጥሮ ድንጋይ ሆኗል፣ ገና ይቆያል። አንተ ስለቸኮልክ አይከፈትም።

ጠርጣራው፦ እኔ ቸኮልኩ? አንቺ እኮ ነሽ ጠባቂ የሆንሽበት!

ሊቀ ነገር፦ ሶስና፣ ተመራማሪዎቹ የሚያድሩበት ቤትም አለ እዚያ። እሱንም ወፍ ሠራው በይና እንገላገል።