መልሱ እሁድ ነው፣ መልስ ስጡኝ! ኢኤስፒ32 በዩኤስቢ አልጫን አለኝ

የኮልፌው (ሐሙስ፣ ማታ 3:20)
ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም ቸኩያለሁ። እሁድ የእህቴ መልስ ነው። ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ የሚቆም «ሙሽራዬ» የሚል ጽሑፍ በእንጨት ሠርቻለሁ። አራቱም ፊደላት ውስጥ መብራት አለ። አንድ በአንድ እየበሩ እንዲመጡ ነው የምፈልገው። ለዚህ ደብሊውኤልኢዲ የሚባለውን ዝግጁ የመብራት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ኢኤስፒ32 የሚባል ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቦርድ ላይ መጫን አለብኝ። ኮድ መጻፍ የለም፣ ከብሮውዘር ላይ «ጫን» ብሎ መጨረስ ነው ብለውኝ ነበር። እኔ «ጫን» ስል ፖርት (ቦርዱ የተሰካበትን መግቢያ) ምረጥ የሚል ሳጥን ይመጣል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ቦርዱ ምንም አልሆነም፣ ቀይ መብራቱ በርቷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ።

ሻይ በሎሚ
መልሱ ሳይደርስ መልስ ስጡኝ የሚል ሙሽራ ቤተሰብ ዛሬ አየሁ! እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። ገመዱን ቀይር።

የኮልፌው
ገመዱ ደህና ነው። ስልኬን ሁሌ በሱ ነው ቻርጅ የማደርገው። ደግሞ እንዳልኩት ቦርዱ ላይ መብራት አለ።

ጋሽ ብየዳ
ልጄ፣ ሐኪም ቤት ገብተህ «አመመኝ» ብቻ ብትል መድኃኒት አይጻፍልህም። ኮምፒውተርህ ዊንዶውስ ነው ወይስ ሌላ? ብሮውዘርህ የቱ ነው? ከቦርዱ ጋር የተገናኘ ሌላ ነገር አለ?

እስከዚያው አንድ ነገር ላስረዳህ። ይኼ ቦርድ ላይ ያለው ዋናው ቺፕ በራሱ ዩኤስቢ አያውቅም። ዩኤስቢው አጠገብ ያለችው ትንሿ ጥቁር ቺፕ ናት መሃል ገብታ የምታስተረጉምለት። አብዛኛውን ጊዜ ሲፒ2102 ወይም ሲኤች340 ናት። ኮምፒውተሩ አስተርጓሚዋን ካላወቃት ፖርት አይከፍትላትም፤ ያኔ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቺፗን እንዲያውቃት የሚያደርግ ፕሮግራም፣ ትጭናለህ። ጽሑፏ ደቃቅ ነው፣ በስልክህ ካሜራ አጉላና አንብባት። ሳያነቡ ያገኙትን ድራይቨር ሁሉ መጫን ልክ አይደለም። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች አምስት ዓይነት ድራይቨር ጭነው ነው የሚመጡት።

ቢት ባይት
ኮምፒውተርህ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ) ከሆነ ችግሩን አውቀዋለሁ፤ አንድ ሳምንት አቃጥሎኛል። ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም አለ። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የብሬል ማሳያ የሚያገናኝ ነው። አንዳንድ የብሬል መሣሪያዎች የዩኤስቢ መለያ ቁጥራቸው ከሲኤች340 ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ቦርድህን ስትሰካ ፕሮግራሙ የብሬል ማሳያ መስሎት ፖርቱን ይወስደዋል። ቤት ውስጥ ብሬል የሚጠቀም ሰው ከሌለ አጥፋው። ሌላው፣ ተጠቃሚ ስምህ ፖርት መክፈት የሚፈቀድለት «ዳያልአውት» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካስገባህ በኋላ ወጥተህ ግባ።

የኮልፌው
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ዊንዶውስ 10 ነው፣ ብሮውዘሬ ክሮም። ቺፗ ላይ ሲኤች340ሲ ይላል። ቢት ባይት፣ ኡቡንቱ የለኝም፤ ግን ተባረክ።

የመርካቶ ልጅ
ወንድም፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ባለ 44 ቁልፍ ሪሞት ኮንትሮለር ገዝተህ መሰካት ነው። ቀይ በል ቀይ፣ ሰማያዊ በል ሰማያዊ። ለአንድ ቀን ድግስ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?

የኮልፌው
የሱ አራቱንም ፊደል በአንዴ ነው የሚያበራው። እኔ የምፈልገው መጀመሪያ «ሙ»፣ ቀጥሎ «ሽ» እያለ እንዲመጣ ነው። እህቴ ስትገባ።

ባለ መልቲሜትሯ
የመርካቶ ልጅ፣ ሪሞቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ኮልፌ፣ ስትሪፕህ (አምፖሎቹ የተደረደሩበት ጥብጣብ) ስንት ሽቦ አለው? አራት ከሆነ ተራው ነው፣ ሪሞቱ ይሠራለታል። ሦስት ከሆነ እያንዳንዷ አምፖል የየራሷ ቺፕ አላት፤ ዳታ ትፈልጋለች። ያ ሪሞት ምንም አያደርግላትም።

አሁን ወደ ገመዱ እንመለስ። ቦርዱን ስትሰካ ላፕቶፕህ ያቺን የለመድናትን ድምፅ ያሰማል? ዲቫይስ ማኔጀርን (ዊንዶውስ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝርበትን) ክፈትና ስትሰካም ስትነቅልም አይንህን አትንቀል። ድራይቨር ብቻ ከጠፋ ቢጫ ምልክት ያለው ስም ብቅ ይላል። ጨርሶ ምንም ካልተነቃነቀ ግን ኮምፒውተሩ ቦርድ መኖሩንም አላወቀም። ቀዩ መብራት የሚነግርህ ኤሌክትሪክ መድረሱን ብቻ ነው።

የኮልፌው
ሦስት ሽቦ ነው፣ ዓይነቱ ደብሊውኤስ2812ቢ። ድምፅ የለም። ዲቫይስ ማኔጀርም ንቅንቅ አላለም።

ሻይ በሎሚ
ገመዱን ቀይር ብዬ ነበር ወንድሜ።

ባለ መልቲሜትሯ
ሻይ በሎሚ ልክ ነው። የዳታ ገመድ ውስጡ አራት ሽቦ አለው፦ ቀይና ጥቁር ለኤሌክትሪክ፣ አረንጓዴና ነጭ ለዳታ። ርካሽ የቻርጀር ገመዶች ላይ ሁለቱ የዳታ ሽቦዎች ጭራሽ አይገቡም። ስልክ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ፋይል ግን አያሳልፉም። ከጎረቤት ፎቶ ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጥበት ገመድ ተዋስ።

የኮልፌው (ሐሙስ፣ ማታ 4:45)
ኧረ ተባረኩ! ከታች ቤት ልጅ የኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገመድ ተዋስኩ፣ ጫፉ ግን አልገባም። ከዚያ የአባቴ የድሮ ስልክ ካርቶን ውስጥ አንድ አገኘሁ። ስሰካው ላፕቶፑ «ዲንግ» አለ! ድራይቨሩን ጫንኩ፣ ኮም5 የሚል ፖርት መጣ። ያንን የድሮውን ገመድ በብስጭት በምላጭ ቀደድኩት። እውነትም ቀይና ጥቁር ብቻ ነው፤ ቀሪው ቦታ ነጭ ክር ተጠቅጥቆበታል።

አሁን ግን ሌላ መጣ። ፖርቱን መርጬ «ጫን» ስል «በመገናኘት ላይ» ይልና ትንሽ ቆይቶ አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። አራቴ ሞከርኩ።

ጋሽ ብየዳ
ይኼኛው የተለመደ ነው። ቦርዱ ላይ ሁለት በተን አለ። አንዱ «ቡት» ሌላው «ኢኤን» ይላል። ቺፑ ሲነሳ ጂፒአይኦ ዜሮ የምትባለውን እግሩን ያያል። ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ) ጋር ተገናኝታ ካገኛት «አዲስ ሶፍትዌር ሊመጣልኝ ነው» ብሎ ይጠብቃል። ነፃ ከሆነች ያለውን ፕሮግራም ያስነሳል። «ቡት» የሚያደርገው ይህችን እግር ከግራውንድ ማገናኘት ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲያደርገው ቦርዱ ላይ ሁለት ትራንዚስተሮች አሉ፤ አንዳንዱ ቦርድ ላይ ግን ጊዜያቸው አይገጥምም። ስለዚህ «ጫን» ከማለትህ በፊት «ቡት»ን ተጭነህ ያዝ። ፐርሰንቱ መቁጠር ሲጀምር ልቀቅ። በዚህም ካልሆነ «ቡት»ን እንደያዝክ ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳውን «ኢኤን»ን አንዴ ነካ አድርግ። ሁልጊዜ የሚያስቸግርህ ከሆነ በ«ኢኤን»ና በግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብየድበት፤ ከዚያ በኋላ በተን መያዝ ትተዋለህ።

ቢት ባይት
ወይም ኢኤስፒቱል የሚባለውን የመጫኛ ፕሮግራም በኮማንድ ተጠቀም። ከሶፍትዌሩ ክፍሎች ቡትሎደሩ ሜሞሪው ውስጥ ዜሮ ኤክስ 1000 ላይ፣ ፓርቲሽኑ ዜሮ ኤክስ 8000 ላይ፣ ዋናው ደግሞ ዜሮ ኤክስ 10000 ላይ ነው የሚቀመጠው።

ባለ መልቲሜትሯ
ቢት ባይት፣ ያልከው ትክክል ነው፤ ግን ልጁን አሁን እዚያ ውስጥ አናስገባው። ብሮውዘሩ እያንዳንዱን በየቦታው ራሱ ያስቀምጣል።

የኮልፌው (ሐሙስ፣ ማታ 5:30)
«ቡት»ን ይዤ ጀመረ! 62 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ድርግም አለ። አሁን በስልክ ነው የምጽፈው። ቦርዱ ተበላሸ ማለት ነው? ሌላ የለኝም።

ሻይ በሎሚ
ሻማ አብራና ተኛ፣ ምንም አልሆነም። እኔ ስንቴ አቋርጬዋለሁ።

ጋሽ ብየዳ
አትደንግጥ ልጄ። ሶፍትዌር የሚቀበለው ክፍል ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ ላይ የታተመ ነው። አይጠፋም፣ አይጻፍበትም። ያቋረጠው ግማሽ ሶፍትዌር ብቻ ነው። መብራት ሲመጣ «ቡት»ን ይዘህ እንደገና ከዜሮ ጀምር። ሳጥኑ «መጀመሪያ ይደምሰስ?» ብሎ ሲጠይቅህ አዎ በለው፤ የተበጣጠሰው ሁሉ ይጠራል።

የመርካቶ ልጅ
ለማንኛውም ሪሞቱ በእጅህ ይኑር። እሁድ ቅርብ ነው።

የኮልፌው (ዓርብ፣ ጠዋት 1:10)
ሌሊት 9 ሰዓት መብራት መጣ፣ ተነስቼ ጫንኩት። 100 ፐርሰንት! ስልኬ ላይ «ደብሊውኤልኢዲ-ኤፒ» የሚል ዋይፋይ መጣ። ፓስወርዱን አስገብቼ ገጹን ከፈትኩት። 30 አምፖል በራ፣ እናቴን ቀሰቀስኳት። ከዚያ የአምፖሉን ቁጥር 120 አድርጌ ነጭ ስለው ቦርዱ ጠፍቶ ይነሳል፣ ጠፍቶ ይነሳል። ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ሶፍትዌሩ በደንብ አልገባ ይሆን? ልደምስሰው?

ባለ መልቲሜትሯ
አትደምስስ! መጀመሪያ ንገረኝ፣ ስትሪፑ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከየት ነው?

የኮልፌው
ከቦርዱ ነዋ፣ «ቪን» ከሚለው እግር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በይጄዋለሁ።

ጋሽ ብየዳ
ከቦርዱ ጋር የተገናኘ ሌላ ነገር አለ ወይ ብዬ የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር ልጄ።

ባለ መልቲሜትሯ
እሺ፣ ችግሩ ተገኘ። አንዷ አምፖል ሙሉ ነጭ ስትሆን እስከ 60 ሚሊአምፔር ትበላለች። 120 ሲሆኑ 7.2 አምፔር ነው። የላፕቶፕ ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር። ሶፍትዌሩ ሲጫን ራሱን በ850 ሚሊአምፔር ገድቦ ነው የሚመጣው፤ ያም ቢሆን ለላፕቶፕህ ይበዛል። ቮልቴጁ ሲወርድ ቺፑ ራሱን ያጠፋና ይነሳል። ሶፍትዌሩ ደህና ነው።

ባለ 5 ቮልት፣ 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ግዛ። 12 ቮልት እንዳይሰጡህ፣ አምፖሎቹን ባንዴ ያቃጥላቸዋል። ከፓወር ሰፕላዩ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቀይና ጥቁር ሽቦ አውርድለት፤ አለበለዚያ «ሙ» ነጭ ሆኖ «ዬ» ጋ ሲደርስ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የቦርዱን ግራውንድ ከፓወር ሰፕላዩ ግራውንድ ጋር ማገናኘት አትርሳ። ይቺ ከተረሳች መብራቱ እንደፈለገው ይንቀጠቀጣል። ቦርዱን ከአዲሱ ፓወር ሰፕላይ በምታበላው ሰዓት የላፕቶፑን ገመድ ንቀል። ከዚያ ገደቡን ሴቲንግ ውስጥ 8000 ሚሊአምፔር አድርገው።

ለቅደም ተከተሉ፦ ሴግመንት (የአምፖል ክፍልፋይ) አራት አድርግ። የመጀመሪያው ከ0 እስከ 30፣ ሁለተኛው ከ30 እስከ 60፣ እንዲህ እያልክ 120 ድረስ። መጨረሻ ላይ የምትጽፈው ቁጥር ራሱ አይቆጠርም፣ ስለዚህ አይደራረቡም። «ሙ» ብቻ የበራበትን ሁኔታ ፕሪሴት 1 ብለህ አስቀምጥ፣ «ሙሽ»ን 2፣ እያልክ ሂድና አራቱን በፕሌይሊስት አሰልፍ። ፕሌይሊስቱን ቦርዱ ሲነሳ በራሱ እንዲጀምር አድርገው። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ስልክ ፍለጋ የለም፤ እህትህ በር ላይ ስትደርስ ማብሪያውን መጫን ነው።

ሻይ በሎሚ
ማብሪያውን የሚጫነው ሰው ጭፈራው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ!

የኮልፌው (ዓርብ፣ ጠዋት 2:05)
ፓወር ሰፕላይ ፍለጋ ወጣሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ቅዳሜ)
ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። የኔ ቦርድ አዲሱ ባለ ታይፕ ሲ ነው፣ ኮምፒውተሬ ማክ። በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ስሰካው ቀይ መብራቱ እንኳን አይበራም። ገመዱ አዲስ ነው፣ ዳታም ያሳልፋል። ልጆቼ የፊደል ገበታ በመብራት እንሥራ ብለውኝ ነው።

ጋሽ ብየዳ
አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች ታይፕ ሲ ሶኬቱ ላይ መኖር ያለባቸውን ሁለት ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ይዘልላሉ። እነሱ ከሌሉ ማኩ «እዚህ ምንም አልተሰካም» ይልና ኤሌክትሪክ አይለቅም። አንዱ ጫፍ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ በአዳፕተር ሰካ፤ ይበራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
በራ! ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ባለ መልቲሜትሯ (ማክሰኞ)
ኮልፌ፣ እንዴት ሆነ? «ዬ» ወደ ቢጫ ሄደ ወይስ ነጭ ሆነ?

ገና ጀማሪ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ሰላም፣ እኔም ፖርቱ ባዶ ይልብኛል። ቀይ መብራቱ ግን በርቷል።

ሻይ በሎሚ
ገመዱን ቀይር።