ሁለት ሰዎች አንዲቱን ወፍ «የእኛ ናት» ይላሉ፤ ፊልሜን እንዴት ልቁረጠው?

ሰላም ለሁላችሁ። በራሴ አቅም አንድ ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው። ጉዳዩ የሰፈር ሰዎች ተሰባስበው የሳሉት የግድግዳ ሥዕል ነው። ግድግዳው ፈርሷል። የቀረው የሰዎቹ ትዝታና ድምፅ የሌለው የ8 ሚሊሜትር ፊልም ብቻ ነው።

የቸገረኝ ይኸውና። አንድ እናት «መሃል ላይ ያለችውን ሰማያዊ ወፍ የሳላት ሟች ባለቤቴ ነው» ይላሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ «እኔ ነኝ፤ ቀለሙንም በገዛ እጄ ነው የበጠበጥኩት» ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። በ8 ሚሊሜትሩ ፊልም ላይ ወፏ የምትታየው ተስላ ካለቀች በኋላ ነው። ተራኪ አስገብቼ ልዳኛቸው አልፈልግም፤ ለእኔ ዋናው ነገር ወፏ ለሁለቱም ምን እንደሆነች ነው። ግን ቃላቸውን ጎን ለጎን ሳስቀምጠው አንዳቸው ውሸታም ይመስላሉ፣ ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ? ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ለሁለቱም ላሳያቸው ወይስ ነገር ማባባስ ይሆናል?

ሌላም አለ። የድሮ 8 ሚሊሜትር አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የሚቀረጸው። ወደ ዲጂታል የተቀየረልኝ ግን በ25 ስለሆነ ሰዎቹ የሚሮጡ ይመስላሉ። ፍጥነቱን 64 በመቶ ሳደርገው ልክ ይመጣል፤ እንቅስቃሴው ግን ይንቀጠቀጣል። እንደገና ላስቀይረው ወይስ ኤዲቲንግ ላይ የሚስተካከልበት መንገድ አለ?