ለ5.3 ሊትር ሲልቨራዶ፦ ሊፍተሩ እንዳይንኳኳ የትኛው የሞተር ዘይት ይመረጣል?

ጥያቄ — ባለ ፒክአፑ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የ2012 ሞዴል ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 አለኝ። ሞተሩ 5.3 ሊትር ቪ8 ሲሆን፣ ጭነት በማይበዛበት ጊዜ አራቱን ሲሊንደር የሚያሳርፈው ኤኤፍኤም የተባለው ሲስተም ያለበት ነው። ማይሉ 130,000 አልፏል። ሌሊት ብርድ ላይ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከሞተሩ ላይኛው ክፍል ጠቅ ጠቅ የሚል ፈጣን ድምፅ ያሰማና ይጠፋል። ከሞቀ በኋላ ድምፅ የለውም፣ ጉልበቱም አልቀነሰም፣ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራትም አልበራም።

የዚህ ሞተር ሊፍተር (ከካምሻፍቱ ላይ ተቀምጦ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) ሲበላሽ ካምሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ) ይዞ እንደሚሄድና ጥገናው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ ነገሩ ሳይብስ በዘይት ምርጫ ልከላከለው እፈልጋለሁ። ቤተሰቤ የሚተዳደረው ይህ መኪና በሚያመላልሰው ዕቃ ነው። ችግሩ የምክሩ መብዛት ነው። ዘይት የምቀይርበት ጋራዥ 10ደብሊው-40 አድርግበት ይለኛል፤ አገር ቤት ለረጅም ዘመን ሹፌር የነበሩት አጎቴ ደግሞ ያረጀ ሞተር ከ20ደብሊው-50 በቀር በሌላ ዘይት ጸጥ አይልም ይላሉ፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚያዘው ግን 5ደብሊው-30 ነው። በዚህ ሞተር ላይ ልምድ ያላችሁ፣ የትኛውን ብጠቀም ይሻላል? ሊፍተር ጸጥ ያደርጋሉ ተብለው የሚሸጡት ዘይት ላይ የሚጨመሩ ፈሳሾችስ ይጠቅማሉ?


መልስ — መካኒክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ወንድሜ። መልሴን ላስቀድም፦ 5ደብሊው-30፣ ሙሉ ሲንተቲክ፣ በጠርሙሱ ላይ የዴክሶስ 1 ፈቃድ ምልክት ያለው ይጠቀሙ። የሸቭሮሌት አምራች ጄኔራል ሞተርስ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ለቤንዚን ሞተሮቹ የጠየቀው ደረጃ ይኸው ነው፤ የእርስዎ መኪና መመሪያም 10ደብሊው-30፣ 10ደብሊው-40 እና 20ደብሊው-50 እንዳይደረግበት በግልጽ ይከለክላል። ምክንያቱን ካልያዙት ግን ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲነግርዎ እንደገና ይወዛገባሉና ላብራራው።

ሊፍተሩ በውስጡ ትንሽ ፒስተን፣ ከፒስተኗም ሥር የዘይት ክፍል አለው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይት ግፊት ያንን ክፍል ሞልቶ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ሊኖር የሚችለውን ክፍተት ይዘጋል። መኪናው ቆሞ ሲያድር ከዘይቱ የተወሰነው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ያ ክፍል እንደገና እስኪሞላ ድረስ ብረት ብረትን ይመታል፤ ድምፁም ያ ነው። ስለዚህ ለጠዋቱ ድምፅ ዋናው ቁጥር ከደብሊው በፊት ያለው ነው፤ እሱ ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። በ5ደብሊው ዘይት ሞተሩ በቀላሉ መዞሩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲሆን፣ 20ደብሊው ግን የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው። የኮሎራዶ ክረምት ደግሞ ከዚያ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉት። ወፍራሙን ዘይት ካደረጉበት ሊፍተሩ ይበልጥ ዘግይቶ ይሞላል፤ ካምሻፍቱም በዚያው መጠን ያለ በቂ ዘይት ይቆያል።

ሁለተኛው ምክንያት ኤኤፍኤም ራሱ ነው። በእርስዎ ሞተር በ1፣ 4፣ 6 እና 7 ቁጥር ሲሊንደሮች ላይ ያሉት ስምንት ሊፍተሮች ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው፤ በውስጣቸው መቆለፊያ ፒኖች አሏቸው። ኮምፒዩተሩ በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ቫልቭ) አማካይነት ዘይት ሲልክባቸው ፒኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው ሊፍተሩን ከቫልቩ ሥራ ያላቅቁታል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ተመልሰው መቆለፍ አለባቸው። ዘይቱ የሚያልፍባቸው መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ቆሻሻ፣ የደረቀ ቅባት ወይም የአየር አረፋ ሲገባባቸው ፒኑ በግማሽ መንገድ ይቀርና ሊፍተሩ ይሰበራል ወይም ይጣበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የፈታኋቸው ሞተሮች ላይ ያየሁት ዘይቱ ቀጥኖ ሳይሆን ቆሽሾ ወይም ጎድሎ ነው።

ስለዚህ ከዘይቱ ስም ይልቅ የሚቀየርበት ጊዜ ይበልጣል። የመኪናው ኮምፒዩተር የሚፈቅደውን ርቀት ሳይጠብቁ በየ5,000 ማይሉ ይቀይሩ። ፊልትሮውንም አብረው ይቀይሩ፤ ለዚህ ሞተር የተሠራው የኤሲዴልኮ ፒኤፍ48 ወይም በጥራት የሚመስለው ይሁን፤ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚይዘው የጎማ ቫልቭ በርካሽ ፊልትሮ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ያኔ ጠዋት ፊልትሮው ራሱ ባዶ ሆኖ ይነሳል። ከሁሉ በላይ መጠኑን ይመልከቱ። ይህ ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ዕድሜው ነዳጅ በሞሉ ቁጥር መለኪያውን ቢያዩ አይጎዱም። ሞተሩ የሚይዘው 6 ኳርት ብቻ ስለሆነ 2 ኳርት ሲጎድል አንድ ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው።

ስለሚጨመሩት ፈሳሾች፦ ዘይቱን የሚያወፍሩት ድምፁን ለጊዜው ያፍናሉ እንጂ የተበላ ነገር አይመልሱም፤ ጠንካራ የሞተር ማጠቢያ ደግሞ ለዓመታት የተከማቸውን ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ነቅሎ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ሊዘጋው ይችላል። ሞተሩን ማጽዳት ከፈለጉ ጥሩ ዘይት አድርገው በአጭር ርቀት እየቀየሩ ቀስ በቀስ እንዲያጸዳው መተው ይሻላል።


መልስ — ጋራዥ ያለው (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የአጎትዎ ምክር ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ትክክል የሚሆንበት ሞተር ስላለ በአክብሮት ማስረዳት ይገባል። እኛ ጋር ለረጅም ዘመን የሠሩት እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ 3ኤልና 5ኤል ያሉ ናፍጣ ሞተሮች ናቸው። እነዚህ በዘይት የሚሞላ ሊፍተር የላቸውም፤ የቫልቩ ክፍተት የሚስተካከለው ውፍረቱ በተለካ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ይጮኻል፤ ወፍራም ዘይት ሲደረግበት ደግሞ ድምፁ ይለዝባል። አዲስ አበባም ለሞተር ማስነሳት የሚያስቸግር ብርድ ስለሌለባት የወፍራሙ ዘይት ጉዳት በግልጽ አይታይም። በእነዚያ ሞተሮች ላይም ቢሆን ትክክለኛው መፍትሔ ክፍተቱን ለክቶ ማስተካከል ነበር፤ ብዙ ሹፌር ግን ያንን ከማሠራት ዘይቱን ማወፈር ይቀለው ስለነበር ልማዱ እስከዛሬ ዘለቀ።

የእርስዎ ሞተር የተለየ ነው። ሊፍተሩ ክፍተቱን ራሱ በዘይት ስለሚዘጋ የዘይቱ ውፍረት የሥራው አካል ነው። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ ባለ 30 ቁጥር (ከደብሊው በኋላ ያለው) ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ውስጥ መሆን ሲኖርበት፣ ባለ 50 ቁጥር ከ16.3 ይጀምራል። ለአንዱ ተለክቶ የተሠራ ሶሌኖይድና ጠባብ የዘይት መንገድ ሌላውን እኩል ያስተናግዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አጎትዎ ስለ ሞተር ዘይት ያላቸውን ቁም ነገር ግን ይያዙላቸው፤ የድሮ ሹፌር ሞተሩን ሳያዳምጥ ጋቢና ውስጥ አይገባም ነበር።


መልስ — የራም ባለቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እኔ የምነዳው ራም 1500 ባለ 5.7 ሊትር ሄሚ ነው፤ እሱም ሲሊንደር የሚያሳርፍ ሲስተም ስላለው አምራቹ የሚያዘው 5ደብሊው-20 ነው፤ የሊፍተር ድምፁም በሰፊው የታወቀ ነው። ልጠይቅ የፈለግሁት ይህን ነው፦ ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ2025 ለ6.2 ሊትር ሞተሮች ያዘዘውን ዘይት ከ0ደብሊው-20 ወደ 0ደብሊው-40 ለውጦ የለ? ራሱ አምራቹ ቀጭኑን ዘይት ከተወው፣ ወፈር ያለው ይሻላል ማለት አይደለም? እኔም ሆነ ብዙ ጓደኞቼ ደንበኛ ስንጠብቅ ሞተሩን ሳናጠፋ ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ እናቆያለን፤ በሚኒሞ ደግሞ የዘይት ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ትንሽ ወፈር ማድረግ ለዚህ አይረዳም ወይ?


መልስ — መካኒክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ነገር እየተደናገረ ስለሆነ ለይቼ ልመልስ። በሚያዝያ 2025 የታወጀው መኪናዎቹን ለምርመራና ለጥገና የመመለስ ጥሪ ከ2021 እስከ 2024 ሞዴል ያሉትን ባለ 6.2 ሊትር ሞተር ፒክአፖችና ትልልቅ መኪናዎች የሚመለከት ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 600,000 መኪና ይሆናል። ምክንያቱ የክራንክሻፍትና የኮኔክቲንግ ሮድ የአመራረት ጉድለት ነው። ምርመራውን ባለፉት መኪናዎች ላይ ወፍራሙ ዘይት የተመረጠው የክራንክሻፍቱን ቤሪንግ ለማገዝ ነው፤ ሊፍተርን በተመለከተ የተባለ ነገር የለም። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥርም ያው 0 ሆኖ መቅረቱን ልብ ይበሉ፤ በብርድ ጊዜ ቶሎ የመድረሱ ነገር አልተነካም። ይህን ውሳኔ ወስዶ በ2012 ሞዴል 5.3 ላይ ወይም በሄሚ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ሚኒሞው ግን እውነት ብለዋል። ማይሉ ሳይቆጠር ዘይቱ ሥራ ላይ ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲቆይም ነዳጅና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። እንደዚያ ለሚሠራ መኪና መድኃኒቱ የዘይት መቀየሪያውን ርቀት ማሳጠር ነው። በእርስዎ ራም ዳሽቦርድ ላይ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ተለይቶ ይታያል፤ ማይሉን ብቻ ሳይሆን እሱንም እያዩ ይቀይሩ።


መልስ — ባለ ፒክአፑ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ ዴክሶስ ምልክቱን 5ደብሊው-30 ገዝቻለሁ፤ ፊልትሮውንም በተባለው እቀይራለሁ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁንልኝ። ዘይቱን በትክክል ቀይሬ የጠዋቱ ድምፅ ካልጠፋ ሊፍተሩ አልቋል ማለት ነው ወይስ ሌላ መታየት ያለበት ነገር አለ? ጋራዥ ሄጄ ያለ ምርመራ ሞተር አስፈትቼ ገንዘቤን እንዳላባክን እሰጋለሁ።


መልስ — መካኒክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ፈጽሞ ሳይመረመር ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) እንዳያስነሱ። በእነዚህ ፒክአፖች ላይ የሊፍተር ድምፅ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉና አስቀድመው ይለዩዋቸው።

አንደኛው የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ብሎን ነው። ከኋላ፣ ወደ ጋቢናው ተጠግተው ያሉት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተቆርጦ ይወድቃል፤ በተፈጠረው ክፍተት ጭሱ ሲያመልጥ የሚያሰማው ድምፅ ልክ እንደ ሊፍተር ነው፤ ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ ክፍተቱ ይዘጋና ይጠፋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የእጅ መብራት ይዘው በጎማው በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ማኒፎልዱ ቴስታታው ላይ በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካዩ፣ ወይም ብሎን መኖር ባለበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ካለ፣ ሊፍተሩን ይተዉት። ልዩነቱ በጊዜም ይታወቃል፤ የሊፍተሩ በሰከንዶች ውስጥ ሲጠፋ የጭሱ ግን ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል።

ሁለተኛው በዘይት ፓምፑና በመምጠጫ ቱቦው መካከል ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ጎማው ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ ያኔ ፓምፑ ከዘይቱ ጋር አየር ይስባል፤ አየር የገባበት ዘይት ደግሞ ሊፍተሩን በሚገባ አይሞላውም፣ ምንም ያህል ውድ ዘይት ቢሆን። ይህን ለማወቅ የዳሽቦርዱን ጠቋሚ ብቻ አይመኑ። ከሞተሩ ኋላ ያለው የዘይት ግፊት ሴንሰር ሥር ትንሽ ወንፊት አለች፤ እሷ ከተደፈነች ጠቋሚው የተሳሳተ ንባብ ያሳያል። ሴንሰሩን አስነቅለው በቦታው ሜካኒካል የግፊት መለኪያ ያስገጥሙ፤ ወንፊቷንም በዚያው ያስቀይሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አምራቹ የሚቀበለው ዝቅተኛ ግፊት በደቂቃ በ1,000 ዙር 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ በ2,000 ዙር 18፣ በ4,000 ዙር 24 ነው። ይህ ወለሉ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ እኔ በበኩሌ ሞቆ በሚኒሞ ከ20 በታች የሚያሳይ ሞተር ሳይ ምክንያቱን ሳልፈልግ አልለቀውም።

ግፊቱ ጥሩ ሆኖ፣ ጭሱም ሳያመልጥ፣ ድምፁ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ዘይቱን በጊዜው እየቀየሩ መንዳትዎን ይቀጥሉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ ወይም አንዱ ሲሊንደር መሳት ከጀመረ ግን ያኔ ሳይዘገዩ ያሳዩት፤ ካምሻፍቱ ላይ የሚንከባለለው የሊፍተሩ ሮለር አንዴ መዞር ካቆመ ካምሻፍቱን የሚፍቀው በፍጥነት ነው።

የጎማ ቀለበቱን የሚያስቀይሩ ከሆነ የዘይት ገንዳው መውረድ አለበት፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻሉም ዝቅ ስለሚል የእጅ ዋጋው ከፍ ይላል፤ አስቀድመው ይነጋገሩበት። ቀለበቱ በቀለምና በውፍረት የተለያየ ስለሆነ ክፍሉን በመኪናው ቪን (መለያ) ቁጥር ያስወጡት፤ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሳይስተያይም እንዳይገጠም።